ሸሚዙ ደረት ላይ አልዘጋ ሲል

ትከሻው ልክ ነው፣ እጅጌው ልክ ነው፣ ወገቡ እንዲያውም ሰፋ ይላል። ሦስተኛዋ ቁልፍ ላይ ሲደርስ ግን ነገር ይበላሻል። ወይ አልዘጋም ይላል፣ ወይ ተዘግቶ በሁለቱ ቁልፎች መሃል አፉን ይከፍታል። አንቺም መርፌ ቁልፍ ፈልገሽ ከውስጥ ትሰኪበታለሽ፤ እሱም አላስተማምን ሲልሽ ከላይ ሹራብ ትደርቢና በዚያ በበጋ ሙቀት ሳታወልቂው ትውያለሽ። ይህን እያነበብሽ ፈገግ ካልሽ ጽሑፉ ላንቺ ነው።

ደረቷ ሞላ ያለ ሴት ከልብስ ጋር ያላት ጠብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ገና በአሥራ ሁለት፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ትከሻዋን ወደ ፊት ታጎብጣለች። ቤት ስትገባ «ሸፈን አድርጊው» ትባላለች። ካደገች በኋላ ደግሞ ሠርግ ወይም ለቅሶ ቤት ያገኘቻት ዘመድ ሰላምታውን ሳትጨርስ «ውይ! ምነው እንዲህ ሆንሽ?» ትላታለች። በፍቅር ነው ይባላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቁም ሳጥኗ በጥቁር ልብስና በሰፊ ልብስ ይሞላል፤ ፎቶ ሲነሳም ወይ ልጅ አቅፋ ወይ ከሰው ኋላ ቆማ ነው።

አንድ ነገር ገና ከመነሻው እንነጋገር። ሸሚዙ ያልዘጋው ሰውነትሽ ስለተበላሸ አይደለም። ለማጽናናት ብዬ አይደለም ይህን የምለው፤ ጉዳዩ የስፌት ጉዳይ ነው። ቤታቸው ለሚሰፉ ሰዎች የሚሸጡት እንደ ሲምፕሊሲቲና በተሪክ ያሉ የታወቁ ፓተርኖች በአብዛኛው የሚነደፉት ቢ ካፕ ለምትለብስ ሴት ነው። የሱቁም ልብስ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከዚያ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ሁሉም ነገር አብሮ ይሰፋል፤ ትከሻው፣ ብብቱ፣ ክንዱ፣ ወገቡ። ደረቱ ብቻውን የሚሰፋበት ቁጥር መደበኛው ሱቅ ውስጥ የለም። ስለዚህ ላንቺ ደረት የሚበቃውን ስትወስጂ ትከሻው ወደ ክንድሽ ይወርዳል፤ ትከሻሽን የሚያክለውን ስትወስጂ ደረቱ አይዘጋም። ሁለቱም ያንቺ ጥፋት አይደሉም።

ሰፊ ልብስ ውስጥ መደበቁስ? እሱም አይሠራም፣ ምክንያቱም ልብሱ የሚሰቀለው ከሁሉ ወጣ ባለው ቦታ ላይ ነው። ከጡትሽ ጫፍ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ወገብሽ የት እንዳለ ማንም አያውቅም፤ ከደረትሽ እስከ ዳሌሽ ያለው ሁሉ እንደ ደረትሽ ሰፊ ይመስላል። ድንኳን እንጂ ልብስ አይሆንም።

መጀመሪያ ከውስጥ

ልብስ ልትገዢ ከመውጣትሽ በፊት ጡት ማስያዣሽን እይው። ከጀርባ ያለው ክፍል ወደ ላይ ይሸሻል? ማንገቻው ትከሻሽ ላይ ቦይ ቆፍሯል? ጡትሽ ከላይ እየተረፈ በቲሸርት ውስጥ አራት ጡት ያለሽ ያስመስላል? መሃል ላይ ሁለቱን ጎን የሚያገናኘው ቁራጭ የደረትሽን አጥንት ሳይነካ ተንጠልጥሎ ነው ያለው? ሽቦው ብብትሽ ሥር ይወጋሻል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ቁጥሩ ያንቺ አይደለም፤ በላዩ የምትለብሽው የመቶ ዶላር ሸሚዝም ልክ ሊሆን አይችልም።

ክብደቱን የሚሸከመው ማንገቻው ይመስለናል። አብዛኛውን የሚሸከመው ግን ከጡት ሥር ዙሪያውን የሚያስረው ክፍል ነው፤ ቀበቶው እንበለው። ቀበቶው ሲላላ ሸክሙ ሁሉ ትከሻ ላይ ይወድቃል። አንገት ማመሙ፣ ማታ ማታ ትከሻ መቆርጠሙ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይመጣል። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ሲያምመን «ጠበበኝ» ብለን የባሰ ሰፊ ቀበቶ እንገዛለን።

ፊደሎቹም ያሳስታሉ። «ዲ» ሲባል ብዙ ሴት ትደነግጣለች፤ ከዚያ በላይ የሌለ ይመስላታል። ነገሩ የታሪክ ጉዳይ ነው። ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1914 የፈጠራ መብት ያገኘችበት ጡት ማስያዣ ከሁለት መሐረብና ከጥብጣብ የተጀመረ ነበር፤ ፊደል የሚባል ነገርም አልነበረውም። ከኤ እስከ ዲ ያሉት ፊደሎች አሜሪካ ውስጥ የመጡት በ1930ዎቹ ሲሆን ያኔ ዲ መጨረሻው ነበር። ዛሬ ከዲ በኋላ ረጅም መንገድ አለ። ደግሞም ፊደሉ ብቻውን ምንም አይናገርም። የ32 ዲ እና የ40 ዲ ኩባያ መጠናቸው በጣም የተለያየ ነው፤ ፊደሉ የሚለካው ከቀበቶው ጋር ሲነጻጸር ነውና።

ቤትሽ ተለኪ። የልብስ ሰፊ ሜትር፣ መስታወትና አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ከጡትሽ ሥር ዙሪያውን፣ ሜትሩን ጠበቅ አድርገሽና ትንፋሽሽን አውጥተሽ ለኪ። 34 ኢንች ሆነ እንበል። ቀጥሎ ወደ ፊት ትንሽ ጎንበስ ብለሽ ደረትሽ በጣም በሞላበት ቦታ፣ ሜትሩን ሳታጠብቂ ለኪ። 40 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 6 ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር እያንዳንዱ ኢንች አንድ ፊደል ነው፦ 1 ኤ፣ 2 ቢ፣ 3 ሲ፣ 4 ዲ፣ 5 ደብል ዲ፣ 6 ትሪፕል ዲ። ስለዚህ መነሻሽ 34 ትሪፕል ዲ ነው።

አሁን ይህችው ሴት በድሮው ዘዴ ወደሚለካ ሱቅ ብትገባ ምን እንደሚሏት ተመልከቺ። ከጡት ሥር በተለካው ላይ 4 ኢንች ይደምሩና 38 ይሏታል። ከ40 ላይ 38 ሲቀነስ 2። «አንቺ 38 ቢ ነሽ!» ቀበቶው ወገቧ ድረስ የሚንሸራተት፣ ኩባያው ግማሿን የማይዝ ነገር ተሸክማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ከዚያ «የኔ ነገር አይሆንም» ትላለች። ይህ ዘዴ ዛሬም አልጠፋም፤ ስለዚህ የተሰጠሽን ቁጥር ከራስሽ ልኬት ጋር አስተያዪው።

ቁጥሩ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የሚወስነው ሰውነትሽ ነው። ቀበቶው ከጠበበሽና ኩባያው ልክ ከሆነ ቀበቶውን አንድ ከፍ፣ ፊደሉን አንድ ዝቅ ታደርጊያለሽ። በአሜሪካ ቁጥር 38 ዲ፣ 36 ደብል ዲ እና 34 ትሪፕል ዲ ኩባያቸው ተመሳሳይ መጠን ይይዛል፤ የሚለየው ቀበቶው ነው። ስትለብሽውም ጎንበስ ብለሽ ከብብትሽ አካባቢ ያለውን ሁሉ በእጅሽ ወደ ፊት ሰብስበሽ ኩባያው ውስጥ አስገቢው። አዲስ ስትገዢ በመጨረሻው፣ ማለትም በሚላላው መንጠቆ ልክ ይሁን። ላስቲኩ በጊዜ ብዛት ሲላላ ወደ ውስጠኛው መንጠቆ የምትሄጂበት ቦታ ይኖርሻል።

ከአገር አገር ስትገዢም ተጠንቀቂ። የአሜሪካው ትሪፕል ዲ በእንግሊዝ አብዛኛውን ጊዜ ኢ ይባላል። በእንግሊዝና በአሜሪካ 34 ተብሎ የሚጻፈው ቀበቶ በጀርመን፣ በጣሊያን መለያው ሌላ ነው፤ እንደ ጀርመን ባሉት አገሮች 75፣ በፈረንሳይና በስፔን 90 ይላል። ከለንደን እህትሽ የላከችልሽ ልክ ያልሆነው ስለወፈርሽ ላይሆን ይችላል።

የሚለካሽ ሰው ከፈለግሽ አሜሪካ ኖርድስትሮም፣ እንግሊዝ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ያለ ክፍያ ይለካሉ። እዚያው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው ብራቪሲሞ የሚሸጠው ከዲ ጀምሮ ያለውን ብቻ ነው፤ መሥራቿ ሳራ ትሬሜለን ሐሳቡ የመጣላት ነፍሰ ጡር ሆና የሚሆናት ጡት ማስያዣ ስታጣ ነው። ማፈር የለም። ቀጭን ካናቴራ ለብሰሽ መለካት ትችያለሽ፤ «እኔው ራሴ ልልበሰውና ከዚያ እይልኝ» ማለትም ትችያለሽ።

ዋጋው ቀላል አይደለም፣ አልዋሽሽም። እንደ ፓናሽ፣ ፍሬያ፣ ኢሎሚ ያሉት ለሞላ ደረት የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ከ50 ዶላር በላይ ናቸው። ቅናሽ ሱቆች ውስጥ አልፎ አልፎ በግማሽ ዋጋ ይገኛሉ፤ ቁጥርሽን ካወቅሽ መፈለጉ ይቀላል። ከአምስት ርካሽ ይልቅ ሁለት ጥሩ ይሻላል፤ አንዱን ለብሰሽ አንዱ ያርፋል። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ግን በፍጹም አታስገቢው። ላስቲኩን የሚገድለው ሙቀቱ ነው።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር። በነጭ ሸሚዝ ሥር ነጭ ጡት ማስያዣ ፍጥጥ ብሎ ይታያል፤ የማይታየው የቆዳሽን ቀለም የሚመስለው ነው። ለረጅም ዘመን «የሰውነት ቀለም» ተብሎ ሲሸጥ የኖረው የነጮቹ ቆዳ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ውስጥ የተጀመረው ኑቢያን ስኪን ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚሆኑ ልዩ ልዩ ቀለሞች ይዞ ወጣ፤ አሁን ሌሎቹም ተከትለዋል። ቡናማውን ፈልጊ፣ አለ።

ደረትን ልክ አድርጊ፣ የቀረውን ለልብስ ሰፊ ስጪ

ጡት ማስያዣው ሲስተካከል አንዳንድ ሸሚዝ ራሱ መዝጋት ይጀምራል። ጡትሽ ወደ ቦታው ከፍ ስለሚል ከሥሩ ወገብሽ ይታያል። ጎንሽን አዙረሽ መስታወት ተመልከቺ፤ የጡትሽ ጫፍ በትከሻሽና በክርንሽ መካከል አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው።

ለማይዘጋው ሸሚዝ ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ ደረትሽን ያለ ጭንቀት የሚዘጋውን ቁጥር ግዢና ሌላውን አስጠብቢ። ወገብ ማጥበብ፣ እጅጌ ማሳጠር፣ ከጀርባ ሁለት ቀጭን እጥፋት አስገብቶ ቅርጽ ማውጣት ለማንኛውም ልብስ ሰፊ ቀላል ሥራ ነው። ጠባብ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ማስፋት ግን የማይቻል ያህል ነው፤ ጨርቅ ከየት ይመጣል? ትከሻው ብዙ ከወረደ ደግሞ ተይው፤ ትከሻ ማስተካከል ከሸሚዙ ዋጋ በላይ ሊያስወጣሽ ይችላል።

ከመግዛትሽ በፊት ቁልፎቹ የት እንደሚያርፉ እይ። አንዷ ቁልፍ በጡትሽ ጫፍ ትክክል ካረፈች ሸሚዙ አይከፈትም፤ ጫፉ በሁለት ቁልፎች መሃል ከዋለ ግን ሰፊም ቢሆን ይከፈታል። ከዚያ ሌላ ቀላል ዘዴ አለ፦ በሁለቱ ቁልፎች መሃል ከውስጥ በኩል የማትታይ ትንሽ የብረት ቁልፍ፣ ጠቅ የምትለዋን፣ ታሰፊበታለሽ። መርፌ ቁልፉን እርሺው፤ ጨርቅ ይቀዳል፣ ይወጋል፣ ሰውም ያየዋል። ሌላዋ ዘዴ ለሚለጠጥ ሸሚዝ ብቻ ናት፦ የደረቱን ቁልፎች ዘግቶ ከፊት መስፋትና እንደ ቲሸርት በራስ ማጥለቅ። ሸሚዙ ላይ የተሰፋውን ወረቀት አንብቢ፤ 3 ወይም 5 በመቶ ኢላስቴን ወይም ስፓንዴክስ ካለው ይለጠጣል፤ መቶ በመቶ ጥጥ የሆነ ሽምን ሸሚዝ ግን አይራራልሽም።

መለኪያ ክፍል ውስጥ ቆመሽ ብቻ አትዪው። ተቀመጪ። እጅሽን እንደ መኪና መሪ ዘርጊ። ከላይ ዕቃ እንደምታወርጂ ሁኚ። ልጅ እንደምታነሺ ጎንበስ በዪ። ቀንሽ የሚያልፈው እንደዚያ ነው እንጂ ቆመሽ አይደለም።

«ስንተኛ ወርሽ ነው?»

ይህን ጥያቄ የምታመጣው አንዲት የቀሚስ ዓይነት አለች፤ ስፌቷ ከጡት ሥር ሆኖ ከዚያ በታች የምትሰፋዋ። ጡታቸው ትንሽ የሆነ ሴቶች ላይ ታምራለች። የሞላ ደረት ላይ ስፌቱ ጡት ሥር መድረስ ያቅተውና ጡት መሃል ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በታች ያለው ጨርቅ ወደ ፊት ይነፋል። አክስትሽ እርጉዝ ብትመስላት አትፍረጂባት። ስፌቱ ወደ ተፈጥሮ ወገብሽ ወርዶ ያረፈበትን ፈልጊ።

አንገት ላይ ያለው ቅርጽ ብዙ ይለውጣል። እስከ ጉሮሮ የሚዘጋ ሹራብ ከአገጭ እስከ ወገብ አንድ ሜዳ ያደርግሻል። መጠነኛ ቪ አንገት ወይም አራት ማዕዘን አንገት ያንን ሜዳ ይከፍለዋል። መጠነኛ ስል ቤተ ክርስቲያንም ሥራ ቦታም የሚለበስ ማለቴ ነው፤ ጡት መሃል ድረስ መውረድ የለበትም። ተጠቅልሎ ጎን ላይ የሚታሰረው ቀሚስ፣ ዲዛይነሯ ዳያን ቮን ፈርስተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቀችው ዓይነት፣ በኔ ግምት ለዚህ ሰውነት ከተሠሩ ልብሶች ሁሉ የተሻለው ነው፤ ደረቱን እንደ ሰውየዋ ያስተካክላል፣ ወገብን ያሳያል። አንድ ችግር አለው፤ ጎንበስ ስትዪ ይከፈታል። መጋጠሚያው ላይ ያችኑ ድብቅ ቁልፍ አሰፊበት ወይም ከውስጥ ቀጭን ካናቴራ ልበሺ።

ጨርቅ ስትመርጪ ደረቅና ወፍራሙ ይቆማል፣ በጣም ስሱ ደግሞ የጡት ማስያዣሽን ስፌት ሳይቀር ይቆጥራል። መሃል ላይ ያለውን፣ ክብደት ኖሮት የሚፈሰውን ያዢ። ደረት ላይ ትልልቅ ኪስ፣ ድርብ ቁልፍ ያለው ኮት፣ ከፊት የተቆለለ ጥብጣብና ሽብሽብ፤ እነዚህን ለሌላ ሰው ተዪላቸው። ኮት ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለውና ቁልፏ ከጡት በታች የምታርፈው ታምራለች፤ ከፍተሽ ስትለብሺውም ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይሠራልሻል። ጥቁር ብቻ ልበሺ የሚለውን ሕግ ግን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ልክሽ የሆነ ቢጫ ሸሚዝ ልክሽ ካልሆነ ጥቁር ሸሚዝ ይበልጣል።

ትንሽ ነገር፣ ግን ሁሌ የሚረሳ፦ በደረት ላይ አቋርጦ የሚነገት ቦርሳ። ማንገቻው በሁለቱ ጡት መሃል ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይከፍላቸዋል። ቦርሳሽን በአንድ ትከሻሽ ያዢው ወይም በወገብ የሚታሰረውን ያዢ።

ለሥራ የደንብ ልብስ የምትለብሺ ብዙ ነሽ፤ ሆስፒታል፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ ሆቴል፣ ጥበቃ። የሆስፒታሉ ስክራብ ላይ የሴት ቅርጽ ያለውና የሚለጠጠው አለ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ተብሎ የሚታደለው የወንድ ቅርጽ ነው። የጥበቃ ወይም የሆቴል ሸሚዝ ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ጠይቂና ማስጠበብ ይፈቀድ እንደሆነ አለቃሽን ጠይቂ። ሸሚዙ እየተከፈተ ስምንት ሰዓት በሙሉ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጎ መቆም ከባድ ሥራ ነው፤ ማንም አይከፍልሽም ደግሞ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላለሽው፣ አባያም ቢሆን ከደረት ተነስቶ ድንኳን የመሆን ጠባይ አለው። እዚያ ግን አንድ ጸጋ አላችሁ፤ አባያ በልክ የሚሰፉ ሱቆች በየገበያው ሞልተዋል። ጎኑ ትንሽ ገባ ተደርጎ እንዲቆረጥ፣ ጨርቁም እንደ ክሬፕ ወይም ኒዳ የሚፈስ እንዲሆን ንገሪያቸው። ጎኑ ገባ ማለት ጠባብ ማለት አይደለም፤ ከሰውነት ሳይጣበቅ ቅርጽ ይይዛል።

ስፖርትን በአንድ ቃል ልለፈው፦ ሩጫ ያቆምሽው ጡትሽ ስለሚያምምሽ ከሆነ ችግሩ ያለው ጡት ማስያዣው ላይ ነው። የመጀመሪያው የስፖርት ጡት ማስያዣ እ.ኤ.አ. በ1977 ቬርሞንት ውስጥ የተሠራው የወንዶችን የስፖርት ሙታንታ ሁለቱን አንድ ላይ በመስፋት ነበር፤ ዛሬ ብዙ ተሻሽሏል። ደረትን ጨፍልቆ የሚይዘውን እንደ ካናቴራ የሚጠለቀውን ተዪና ሁለት ኩባያ ለየብቻ ያለውን፣ ከጀርባ በመንጠቆ የሚዘጋውን ግዢ።

ልጅሽ ከሆነችስ?

እዚህ የተወለደች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅሽ በድንገት ኮፍያ ያለው ትልቅ ሹራብ ውስጥ ተሸሽጋ ከዚያ አልወጣ ካለች፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ካለች፣ ነገሩ ይህ ሊሆን ይችላል። እንግዳ ባለበት አታንሺው። «ጎበዝ! አደገች እኮ!» እያልሽ ለእህትሽ በስልክ አታውሪው፤ ትሰማለች። ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ውጡ፣ በትክክል ትለካ፣ ለስፖርት አንድ፣ ለትምህርት ቤት ሁለት ግዢላት። ይህ ዕድሜ በየጥቂት ወሩ ቁጥር ይለውጣል፤ ስለዚህ ውድ አያስፈልግም፣ ልክ ይሁን ብቻ። እና ቀና በይ በያት እንጂ ሸፈን አድርጊ አትበያት። የጎበጠ ትከሻ ለአርባ ዓመት ይከተላታል።

ጥሩ ጡት ማስያዣ ለብሰሽም አንገትሽና ትከሻሽ ማመሙን ካልተወ፣ ከጡትሽ ሥር በላብና በሙቀት የሚወጣው ሽፍታ እየተመላለሰ ካስቸገረሽ ለሐኪምሽ ንገሪ። ሽፍታው መድኃኒት አለው፤ ቦታውን በደንብ ማድረቅና ጥጥ ጨርቅ ማድረግም ይረዳል። ጡት ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና አሜሪካ ውስጥ ለጤና አስፈላጊ መሆኑ ከተረጋገጠ ኢንሹራንስ የሚሸፍንበት ጊዜ አለ፤ ለዚህም ሕመሙ በሐኪም መዝገብ ላይ አስቀድሞ መስፈሩ ያስፈልጋል። «ምን ይደረጋል» ብለሽ ዝም ስትዪ የሚጻፍ ነገር አይኖርም።

ከሽሮ ሜዳ የሚመጣው ቀሚስ

እስካሁን ያወራነው ስለ ሱቅ ልብስ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ግን የራሱ ጣጣ አለው። የበዓል ቀሚስ አዲስ አበባ ታዟል፣ ገንዘቡ ተልኳል፣ ሰው ይዞት መጥቷል፣ በዓሉ ነገ ነው። ዚፑ ግን ከወገብ አልፎ ወደ ላይ አልሄድ ይላል። ሸማ አይለጠጥም። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ግማሽ ኢንች እንኳ አይለቅልሽም። ጥለቱም ከአንገት እስከ እግር ቀጥ ብሎ መውረድ ሲገባው ደረት ላይ ሲወጠር ይጣመማል፤ ያን ሁሉ ሰዓት የፈጀ የሸማኔ ሥራ ጠምዛዛ ሆኖ ይቀራል።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚመጣው ከተላከው ልኬት ነው። «ደረት 42፣ ወገብ 34፣ ቁመት ይህን ያህል» ተብሎ ሦስት ቁጥር በቴሌግራም ይሄዳል። ልብስ ሰፊው 42 ደረት ሲያይ ጀርባዋም ትከሻዋም ሰፊ የሆነች ሴት ትታየዋለች። ያን 42 የሠራው ጀርባሽ ይሁን ጡትሽ በምን ያውቃል? ስለዚህ ደረትን ሦስት ቦታ ለክተሽ ላኪለት፦ ከጡት በላይ በብብት ሥር፣ ጡት በሞላበት፣ እና ከጡት ሥር። ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያይ ቅርጹ ይገባዋል።

ሌላው የሚረሳው የፊት ቁመት ነው። ከትከሻሽ ተነስቶ በጡትሽ ላይ አልፎ ወገብሽ የሚደርሰው ርቀት ከጀርባው ይበልጣል። ፊቱም ጀርባውም እኩል ከተቆረጠ ቀሚሱ ከፊት ወደ ላይ ይሰቀላል፤ የወገቡ ስፌት ሆድሽ ላይ ሳይሆን ጡትሽ ሥር ያርፋል፤ የቀሚሱ ጫፍም ከፊት አጥሮ ከኋላ መሬት ይጠርጋል። ይህን አይተሽው ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሁሉንም በበዓሉ ዕለት የምትለብሽውን ጡት ማስያዣ ለብሰሽ፣ ሌላ ሰው ይለካሽ። መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሮቹን በራስሽ ተኪያቸው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከጡት በላይ በብብት ሥር 37 ኢንች። ደረት በሞላበት 42። ከጡት ሥር 35። ወገብ 34። ዳሌ 44። ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ 11 ተኩል። ከጡት ጫፍ እስከ ጡት ጫፍ 9። ከትከሻ በጡት ላይ አልፎ እስከ ወገብ ከፊት 19፣ ከጀርባ 17። የክንድ ዙሪያ 13። ልኬቱ የሰውነት ነው፤ ደረቱ ላይ ብቻ 2 ኢንች ማላያ ይጨመር፤ ትከሻውና ጀርባው አይስፋ። ወደ ጡት ጫፍ የሚሄድ እጥፋት ይግባበት። በሁለቱም ጎን ከውስጥ 1 ኢንች የስፌት ትርፍ ይተውልኝ፣ አይቆረጥ። ዚፑ ከጀርባ እስከ ወገብ በታች ይውረድ።»

«ደረቱ ላይ ብቻ» የሚለውን አትርሺ። «ትንሽ ላላ ይበል» ብለሽ ከላክሽ ሙሉው ቀሚስ ሰፍቶ ይመጣልሻል። የውስጡ ትርፍ ደግሞ የመድን ዋስትናሽ ነው፤ አንድ ኢንች በየጎኑ ከተተወ እዚህ ያለ ልብስ ሰፊ በግማሽ ቀን ያሰፋልሻል፤ ካልተተወ ግን ከብብት ሥር ሌላ ጨርቅ ከመለጠፍ በቀር መላ የለውም። ከፊትና ከጎን የተነሳሽው ፎቶ ቢጨመርበት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ከጎን የተነሳው ከፊቱ ይልቅ ብዙ ይነግረዋል። የልኬቱን መልእክት ስልክሽ ላይ አስቀምጪው፣ ቀኑንም ጻፊበት። ከወለድሽ፣ ጡት እያጠባሽ ከሆነ ወይም ክብደትሽ ከተለወጠ አሮጌውን ልኬት መልሰሽ አትላኪ።

ጥለት ስትመርጪም መሃል ላይ የሚወርድ አንድ ጠበብ ያለ ጥለት ደረት ላይ ሁለት ጎን ከተዘረጋ ሰፊ ጥለት ይሻላል። ነጠላሽን ለማጌጥ ልበሺው፤ ያልዘጋ ዚፕ መሸፈኛ ሆኖ በዓሉን ሙሉ ከትከሻሽ ሳይወርድ እንዳይውል።

ለእንቁጣጣሽ የምትፈልጊውን ቀሚስ በፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻ፣ ቢዘገይ በሐምሌ መጀመሪያ እዘዢ። ሲደርስሽ ፌስታሉን ሳትከፍቺ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስቀምጪው፤ ያኑ ዕለት ልበሽና ተቀመጪበት፣ እጅሽን አንሺ፣ አጨብጭቢ፣ እስክስታም ቢሆን ሞክሪበት። በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ሰፈርሽ ልብስ ሰፊ ከሄድሽ ወረፋው በር ድረስ ነው።